ከሮማውያን የተረፈችው የሸክላ ድስት

ሠላሳ ዓመት ሙሉ የሥራዬ ስም ለዘመድ ሊገባ አልቻለም። "ሙዚየም ነው የምሠራው" ስል ግማሹ ዘበኛ ያደርገኛል፣ ግማሹ ደግሞ ፕሮፌሰር። ሁለቱም አልነበርኩም። የኔ ሥራ ዕቃ ማንሳትና ማስቀመጥ ነው። ሺህ፣ ሁለት ሺህ ዓመት የሞላው ዕቃ ከሣጥኑ ወጥቶ ወደ ማሳያው የመስታወት ቤት ይገባል፤ ጊዜው ሲደርስ ደግሞ ተመልሶ ሣጥኑ ውስጥ ይተኛል። በመካከል ያለችው አሥራ አምስት እርምጃ የእኔ ነበረች። በቅርቡ ጡረታ ስወጣ ኬክ ተቆረሰልኝ፤ አለቃዬም "እንደ ካሣ ያለ ጠንቃቃ ሰው አላየሁም" ብላ ንግግር አደረገች። ሰው ሁሉ አጨበጨበ። እኔ ግን አንገቴን ደፍቼ ነበር የምሰማው፣ ምክንያቱም ጠንቃቃ ሳልሆን ፈሪ ነበርኩ፤ ይኸውም ለምን እንደሆነ አንድ ቀን መናገር አለብኝ ብዬ ነው ይህን የምጽፈው።

ሲያትል የገባሁት በፈረንጆቹ ሰማንያዎቹ መጀመሪያ ላይ ነው። መጀመሪያ ካፒቶል ሂል በሚባል ሰፈር ከአንድ ምግብ ቤት ሳህን አጠብኩ፤ ቀጥሎ በዚያ ሙዚየም ወለል ጠራጊ ሆኜ ገባሁ። የሙዚየሙን ስም አልጠራም። ቢከን ሂል ላይ ከሦስት ያገሬ ልጆች ጋር አንድ አፓርትመንት ተከራይተን እንኖር ነበር። ባለቤቴ ዘነበችና ልጃችን ማርታ ካርቱም ቀርተዋል። እነሱን ለማምጣት ከሚጠየቀው የወረቀት ክምር ውስጥ "ይህ ሰው ቋሚ ሠራተኛችን ነው" የሚል ደብዳቤ ይገኝበታል። እኔ ደግሞ ቋሚ አልነበርኩም። ስለዚህ በዚያ ዘመን አለቃ ስሜን በጠራ ቁጥር ሊያባርረኝ ነው እል ነበር።

ፍርሃቱን ግን አሜሪካ አልሰጠችኝም፤ ይዤው ነው የመጣሁት። በአብዮቱ ጊዜ በወረዳችን ከተማ ታስሬ ሳለ አንድ ጠረጴዛ፣ ሦስት ሰዎችና አንድ ባዶ ወረቀት ካለበት ክፍል አስገብተውኝ "የሆነውን ጻፍ" ብለውኛል። ከዚያ ወዲህ ሦስት ሰው ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀምጦ ካየሁ እጄን ላብ ያጠምቀዋል። ልደት ቢሆን፣ ሰርግ ቢሆን ለውጥ የለውም።

በሁለተኛው ዓመት ሙዚየሙ ከባሕር ማዶ ትልቅ ኤግዚቢሽን አስመጣ፤ ስለ ኬልቶች ኑሮና ስለ ሮማውያን ወረራ። እኔ ሮማን ከመጽሐፍ ቅዱስ አውቃታለሁ፤ ኬልት የሚባል የጥንት አውሮፓ ሕዝብ ግን ሰምቼ አላውቅም። ከመግቢያው አጠገብ የአንድ ኬልት ገበሬ ቤት ሊሠራ ሆነና አናጢዎች መጡ። መጥረጊያዬን ተደግፌ ሳይ፣ ጉድ! የሚሠሩት ጎጆ ነው። ክብ ግድግዳ፣ ሾጣጣ የሳር ክዳን፣ መካከሉ ላይ ምድጃ። ብቻ ጣሪያው ጫፍ ላይ አንድ ሰፊ የጭስ መውጫ ቀዳዳ ትተዋል።

አላስችል አለኝ። ሥራውን ከሚመሩት ሽማግሌ ፊት ቀርቤ በተሰባበረ እንግሊዝኛ፣

"ይቅርታ ጌታዬ፣ ይቺ ቀዳዳ ቤቱን ታቃጥለዋለች" አልኩ።

"ለምን?"

"ነፋስ ፍንጣሪውን ወደ ላይ ይስበዋል፤ ሳሩ ይያያዛል። ቀዳዳ አያስፈልግም። ጭሱ ራሱ በሳሩ መሐል እየተንፏቀቀ ይወጣል።"

"አንተ በምን አወቅክ?"

"እዚህ ቤት ውስጥ ነው የተወለድኩት።"

ሽማግሌው ሳቁ። ከሳቁ በኋላ ግን ባሕር ማዶ ደውለው ዕቃውን የሚልኩትን ምሁራን አስጠየቁ፤ መልሱም የኔው ሆነ። ቀዳዳው ተደፈነ። ግድግዳውን በቀለም የተነከረ ሲሚንቶ ሊለስኑት እንደነበር ሳውቅ ደግሞ ሱሪዬን ሰብስቤ ጭቃውን ከጭድ ጋር ረገጥኩላቸው፤ ሦስት ቀን አስቦክቼም በእጄ ለሰንኩት። ሽታው አዳራሹን ስለሞላው የቢሮ ሠራተኞች አቤቱታ አቀረቡ። በማግሥቱ ሽማግሌው መጥረጊያውን ከእጄ ተቀብለው ግድግዳ ላይ አስደገፉትና ወደ ወርክሾፓቸው ወሰዱኝ።

ሚስተር አርኔ ይባላሉ። ወላጆቻቸው ከኖርዌይ የመጡ የባላርድ ሰፈር ሰው ናቸው፤ በወጣትነታቸው የዓሣ ጀልባ ሠሪ ነበሩ። "አርኔ በለኝ" ቢሉኝም አንድ ቀን አልወጣልኝም፤ በአባቴ ዕድሜ ያለን ሰው በባዶ ስሙ መጥራት እንዴት ይቻላል? በልቤ ሁልጊዜ አንቱ ነበሩ፤ አሁንም እንደዚያው እጽፋቸዋለሁ።

የሳቸው ልማድ ዛሬም እጄ ላይ አለ። ዕቃ ከመነካቱ በፊት የእጅ ሰዓታቸውንና ቀለበታቸውን ያወልቃሉ፤ የቀበቶውን ዘለበት ወደ ጎን ያዞራሉ። ከዚያ መንገዱን ባዶ እጃቸውን ይሄዱበታል፤ ሁለት እጃቸውን ዕቃ እንደያዘ ሰው ዘርግተው ከጠረጴዛው እስከ መስታወቱ ቤት ድረስ። በሩ ይከፈታል? ምንጣፉ ተጠቅልሏል? ማን ሊያልፍ ይችላል? ማስቀመጫው ሳይዘጋጅ ዕቃ አይነሳም። ሸክላ በጓንት አያስነኩም፣ ያዳልጣል ብለው፤ እጅ ይታጠባል፣ ይደርቃል፣ አንዱ መዳፍ ከሥር፣ አንዱ ከጎን። በጆሮው ወይም በአፉ የተነሳ ሸክላ ካዩ ፊታቸው ይቀላል። አጠገባቸው ብዕር ክልክል ነው፤ እርሳስ ብቻ። የነሐስ ሽቦ አጥፈው ለዕቃው መደገፊያ ሲሠሩ ሙሉ ቀን ይፈጅባቸዋል፤ ሠርተው ሲጨርሱ ከዕቃው ቀለም ጋር አመሳስለው ይቀቡትና ለማየት እኔ ራሴ ዓይኔን ማጥበብ ነበረብኝ።

ከሁሉ የበለጠው ሕግ የቅብብሎሽ ሕግ ነው። ሰጪው እስኪነገረው ድረስ አይለቅም። ተቀባዩ ዓይን ዓይኑን እያየ "ይዣለሁ" ይላል፤ ሰጪው ያን ቃል ከሰማ በኋላ ብቻ እጁን ያነሳል።

ይቺን ሕግ መማር አቃተኝ። ሌላውን ሁሉ በሳምንት ያዝኩት፤ ይቺ ግን አጥንቴ ውስጥ ካለው ነገር ጋር ተጣላች። እኔ ባደግኩበት ቤት ትልቅ ሰው እጁን ዘርግቶ ዕቃውን ከነካ፣ ወዲያው አንገትን ሰበር አድርጎ መልቀቅ ነው። እጁ ካረፈበት በኋላ ጨብጦ መያዝ ስስት ነው፤ ዓይን ዓይኑን እያዩ መያዝማ ድፍረት ነው። ሚስተር አርኔ ገና ጣታቸው ሲነካኝ እኔ ለቅቄ አንገቴን ሰብሬያለሁ። ሁለት ጊዜ በባዶ የፕላስቲክ ገንዳ፣ አንድ ጊዜ በጆንያ አሸዋ አለማመዱኝ። ጆንያው እግራቸው ላይ ወደቀ። በመጨረሻ ሳይናገሩ እሳቸው ራሳቸው ተለወጡ፤ ሁለት እጃቸውን አመቻችተው ክብደቱን ሊሸከሙ እስኪዘጋጁ ድረስ ጣታቸውን አያስነኩኝም ነበር። ስለዚህ እኔ በነኩኝ ጊዜ ብለቅም ምንም አይወድቅም። እንዲህ ሆነን ወራት ሠራን። እኔም ሕጉን የተማርኩ መሰለኝ።

ዕቃዎቹ ከነጠባቂያቸው መጡ። ዶክተር ማርጋሬት ትባላለች፤ የላከው ሙዚየም ሰው ነች፤ ያለ እሷ አንድ ጥፍር የምታህል ነገር መስታወት ቤት ውስጥ አትቀመጥም። ቀጭን፣ ቁጥብ፣ ሥራዋን እንደ ጸሎት የምትሠራ ሴት ነበረች። ሣጥኖቹን ስንከፍት እያንዳንዱን ታስረዳን ነበር። የወፍጮ ድንጋይ፣ የእንጨት ባልዲ፣ የሽመና ክብደት፣ የሕፃን የቆዳ ጫማ ግማሽ። ቀጥሎ የሮማውያኑ ሣጥን ተከፈተ፤ የጦር ጫፎች፣ የበቅሎ ልጓም፣ በመጨረሻም የብረት ሰንሰለት ወጣ። ሰንሰለቱ ላይ አምስት ቀለበት አለ፤ ለአንገት ነው። ምርኮኞችን እያሰለፉ የሚነዱበት። ሚስተር አርኔ ለቀለበቶቹ መደገፊያ ሲለኩ እኔ ውኃ ልጠጣ ብዬ ወጣሁና ሽንት ቤት በሩን ቆልፌ ተቀመጥኩ።

በመጨረሻ የወጣችው ድስቷ ናት። ጥቁር፣ ሆደ ሰፊ፣ በእጅ የተሠራች፣ ከንፈሯ ትንሽ የተጣመመ። ዶክተሯ እንደነገረችን ሮማውያን አንድ የኮረብታ መንደር ባቃጠሉበት ቀን ጣሪያው ተደርምሶ ምድጃው ላይ እንዳለች ቀበራት። ውስጧ የተቃጠለ ገንፎ መሳይ ነገር እንደ ቅርፊት ደርቆ ነበር። የመንደሩ ሰው የት እንደገባ አይታወቅም። ከዚያ ቤት በሙሉ ሳይሰበር የተገኘው ይህችው ድስት ብቻ ናት።

ሳያት ፈራኋት። እኔም ከአገር የወጣሁበት ቀን ቤታችን ምድጃ ላይ የተጣደ ነገር ነበር፤ ምን እንደሆነ ዛሬ አላስታውስም።

የዚያን ዕለት ጠዋት ወርክሾፕ ውስጥ ሚስተር አርኔ ሰዓታቸውን እያወለቁ ጠሩኝ።

"ካሣ፣ ስማኝ። ዛሬ ድስቷን የምታቀብለው ለዶክተሯ ነው። እሷ እኔ አይደለችም። ድስቷን ቀድማ ትነካለች፣ ትዳስሳለች፣ ከዚያ ነው የምትይዘው። አንገት መስበር የለም። ቃሏን ጠብቅ።"

"ኦኬ፣ ጌታዬ።"

"ምን አልኩህ?"

"ቃሏን ጠብቅ።"

"ደግመህ በለው።"

ደግሜ አልኩት። መንገዱን ባዶ እጄን ሄድኩበት። ዘለበቴን አዞርኩ። ድስቷን አንዱን መዳፌን ከሥር፣ አንዱን ከጎን አድርጌ አነሳሁ፤ ከጠበቅኩት በላይ ቀላል ነበረች። አሥራ አምስት እርምጃ። ዶክተሯ በመስታወቱ ቤት በር ላይ ቆማ ጠበቀችኝ። ሚስተር አርኔ ከኋላዬ ነበሩ። በልቤ "ቃሏን ጠብቅ፣ ቃሏን ጠብቅ" እያልኩ ደረስኩ። እሷም እጆቿን ከሥር አስገብታ የድስቷን ቂጥ መዳሰስ ጀመረች። ጣቷ ጣቴን ነካ።

አንገቴን ሰበርኩ። ለቀቅኩ።

ድምፁ ትንሽ ነበር። የጠበቅኩትን ያህል እንኳ አልጮኸም። ቀና ስል ዶክተሯ እጆቿ እንደተዘረጉ ቆማለች፤ ከዚያ ተንበረከከችና ስብርባሪውን አንድ በአንድ በስስ ወረቀት ትጠቀልል ጀመር። እኔም ልረዳት ጎንበስ ስል "እባክህ አትንካ" አለችኝ። በቁጣ አልነበረም፤ ቢሆን ይሻለኝ ነበር። አገር ያቃጠለ ጦር ያልሰበራትን እኔ በአክብሮት ሰበርኳት። ግድግዳውን ይዤ ቆምኩ። ያን ጊዜ ያሰብኩት ስለ ድስቷ ነው ብል እዋሻለሁ። ያሰብኩት ስለ ደብዳቤው ነው።

ከሰዓት በኋላ ተጠራሁ። ክፍሉ ውስጥ አንድ ጠረጴዛ፣ ሦስት ሰዎችና አንድ ወረቀት ነበር። ዋናው ኃላፊ ለስለስ ያለ ሰው ነው፤ ውኃ ቀዳልኝ። ብርጭቆውን አልነካሁትም። ሕጉን ታውቃለህ? አውቃለሁ። ቃሉን ሰምተሃል? አልሰማሁም። ለምን ለቀቅክ? ጣቷ ነካኝ። ሰውዬው ወደ ወረቀቱ ተመለሰና የሚቀጥለውን ጥያቄ አነበበ፤

"ከሥራው በፊት የቅርብ አለቃህ ስለ ቅብብሎሹ ማስጠንቀቂያ ሰጥቶሃል?"

ምን እንደሚጠይቀኝ ገባኝ። "አዎ" ካልኩ ጥፋቱ የኔ ብቻ ነው፤ ቋሚ ያልሆነ ሠራተኛ ደግሞ በዚያው ቀን ይሰናበታል። "አይ" ካልኩ ጥፋቱ ወደ አለቃው ይዞራል። ካርቱም ውስጥ ያለችው ልጄ ታየችኝ። ከዚያም ዓይኔን በጨው አጥቤ፣

"ኖ" አልኩ።

አንድ ቃል ናት። ጻፉት፤ ፈረምኩ።

በሁለት ሳምንት ውስጥ ሚስተር አርኔ ከጊዜያቸው በፊት ጡረታ ወጡ። ኬክ አልተቆረሰም። መሣሪያቸውን በሣጥን ሲሸክፉ እኔ የሰንሰለቱን መስታወት እያጸዳሁ ነበር፤ ፊቴን አላዞርኩም። ትከሻዬን መታ መታ አድርገው "ደብዳቤህን ኃላፊው ጋ ትቼዋለሁ፤ ቋሚ አድርገውሃል" ብለውኝ ሄዱ። ደብዳቤውን ያረቀቁት እሳቸው ነበሩ። በዚያው ሳምንት ወደ ካርቱም ላክሁት።

እንቅልፍ አጣሁ። በመጨረሻ ያገሬን መንገድ ያዝኩ፤ ሽማግሌ ልላክ አልኩ። ያን ጊዜ የኛ ሰው ሁሉ ጉዳይ የሚያልቀው በጋሽ ተሰማ ነበር፤ መሐል ከተማ መኪና ማቆሚያ የሚሠሩ፣ ለሠርግም ለዕርቅም ያንኑ ቡናማ ኮት የሚለብሱ ሰው ናቸው። "የሰው አገር ዕቃ ሰብሬ አለቃዬን ከሥራ አስወጣሁ" ብዬ ነገርኳቸው። ስለ "ኖ" አልነገርኳቸውም።

"ሶ ሰውዬው ተቀይሞሃል?"

"አላውቅም፣ ጋሼ።"

"ኮል አድርገህለታል?"

"ፈራሁ።"

"ኦኬ፣ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ።"

እሑድ ከጋሽ ተሰማና ከአንድ ሌላ ሽማግሌ ጋር ባላርድ ሄድን። ጋሽ ተሰማ መኪናውን ፓርክ አድርገው ኮታቸውን አስተካከሉ። ሚስተር አርኔ በሩን ከፍተው ሦስት ጥቁር ሰዎች በሙሉ ልብስ ቆመው ሲያዩ ሰባኪዎች መስለናቸው "ሃይማኖት አለኝ፣ አመሰግናለሁ" ብለው ሊዘጉት ነበር፤ ከኋላ እኔን አዩኝና ከፈቱት። ሳሎን ገብተን ቆምን። "ተቀመጡ" አሉ። አልተቀመጥንም። ወንበር ጎተቱ፤ አልተቀመጥንም። ደነገጡ። ጋሽ ተሰማ በእንግሊዝኛቸው፣ "ይቅር ብዬዋለሁ ካላሉን አንቀመጥም፤ ልማዳችን ነው" አሏቸው።

"ለምኑ ነው ይቅርታው?"

ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ። ሚስተር አርኔ ጠበቁኝ። ረጅም ጊዜ ነው የጠበቁኝ። ልናገር አፌን ከፈትኩ፤ ግን ጋሽ ተሰማ እየሰሙ፣ ነገ መላው የሲያትል ሐበሻ ሊሰማ፣ ወሬውም ኃላፊው ዘንድ ሊደርስና ደብዳቤው ሊሻር ነው ብዬ ፈራሁ።

"ድስቷን ስለሰበርኩ" አልኩ።

ሚስተር አርኔ ወንበሩን ወደ እኔ ገፋ አደረጉት። ከዚያ "ይቅር ብያለሁ። አሁን እባካችሁ ተቀመጡ" አሉ። ተቀመጥን። ጋሽ ተሰማ መረቁን። በመንገድ ላይ "ጥሩ ሰው ነው፣ ቶሎ ነው የጨረሰልን" እያሉ ሲደሰቱ እኔ በመስኮት ወደ ውጭ እመለከት ነበር።

ዘነበችና ማርታ በዓመቱ መጡ። ሚስተር አርኔ አንዳንዴ ይደውሉ ነበር፤ "ልጅቷ መጣች? ትምህርት ገባች?" ይሉኛል። በአጭሩ መልሼ እዘጋለሁ። ኋላ ኋላ ስልኩን ማርታ አንስታ በእንግሊዝኛ ስታዋራቸው እኔ የለሁም አስባልኩ። ወደ ሾርላይን ቤት ከቀየርን በኋላ ቁጥሬንም አልሰጠኋቸውም። መሞታቸውን የሰማሁት ከተቀበሩ በኋላ ነው። እኔ ደግሞ በወርክሾፓቸው ሥራዬን ቀጠልኩ፤ በሥሬ ብዙ ሰው አሠለጠንኩ፣ ብዙ ኤግዚቢሽን አስገባሁ፣ አስወጣሁ፤ ከዚያ በኋላ አንድም ነገር አልወደቀብኝም። አለቃ ስሜን ሲጠራ ግን እስከ መጨረሻው ቀን "ውሸቴን አገኙት" እል ነበር።

ጡረታ ልወጣ ስል የመዝገብ ክፍሉ ሠራተኛ የድሮ ፋይሎችን ወደ ኮምፒውተር እየገለበጠች ነበርና "ይሄ ያንተ ስም አለበት፣ ማየት ትፈልጋለህ?" ብላ አንድ ቢጫ ማኅደር ሰጠችኝ። የድስቷ ነው። የራሴን ወረቀት አወቅኩት፤ ፊርማዬ እየተንቀጠቀጠ የሄደበት። ከሥሩ የሚስተር አርኔ አለ። በእርሳስ ነው የጻፉት። ያንኑ ጥያቄ ጠይቀዋቸዋል፤ ለሠራተኛው ማስጠንቀቂያ ሰጥተሃል? "አልሰጠሁም። ረስቼ ነው። ጥፋቱ የኔ ነው።" ሰዓቱ ተጽፏል፤ እኔ ከመጠራቴ ሁለት ሰዓት በፊት ነው።

ፎቶ ኮፒውን ቤት ይዤ ሄድኩ። ዘነበች ጠረጴዛው ላይ አትክልት ትከትፍ ነበር። ሁሉንም ከመጀመሪያው ጀምሬ ነገርኳት፤ ድስቷን፣ ክፍሉን፣ "ኖ" ያልኩትን፣ በጋሽ ተሰማ ፊት የዋሸሁትን። ቢላዋዋን አስቀምጣ ወረቀቱን ወደ መስኮቱ ብርሃን አስጠግታ አየችው።

"ያ በስልክ ማርታን ስለ ትምህርቷ ይጠይቃት የነበረው ሽማግሌ ነው?"

"እሳቸው ናቸው።"

"ይህን ሁሉ ዓመት እዚሁ ከተማ ነበሩ?"

"ሃያ ደቂቃ መንገድ።"

"ታዲያ አንድ ቀን እንኳ ቤታችን ያልጠራሃቸው ለምንድን ነው?"

"ፈርቼ" አልኳት።